ቅዳሜ አመሻሽ የሚሞላው ታንከር

ፒክአፓችን የምትታመመው እሁድ እሁድ ነበር። ሪያድ ውስጥ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ስለሆነ፣ ቀን መርጣ የምትበድለኝ ይመስለኝ ነበር። ገና በሩን ስከፍት የቤንዚን ሽታ ይቀበለኛል። ሞተሩ ስንት ተለምኖ ይነሳና መጀመሪያ ያገኘሁት ቀይ መብራት ላይ ስቆም ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ይለቀዋል። ሴት እንድትነዳ ከተፈቀደ ገና ሁለተኛው ዓመት ነበርና፣ መስኮት ዝቅ አድርገው ስለ አነዳድ የሚመክሩኝም አልጠፉም።

ነርስ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ከማግኘቴ በፊት ከምንኖርበት ከመንሱራ ሰፈር ሆስፒታል ለመድረስም ለመመለስም የባለቤቴን ጊዜ መጠበቅ ነበረብኝ። ተራዬ አልቆ እሱ ከሥራ እስኪወጣ ድረስ ጥበቃዎቹ አጠገብ ተቀምጬ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። ፈቃዱን ሳገኝ እሱ በኩባንያው ባስ መሄድ ጀመረ፤ ፒክአፗ በሥራ ቀን የእኔ፣ ዓርብና ቅዳሜ የእሱ ሆነች። ብቻዬን በሩን ዘግቼ ስነዳ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ለማንም አልተናገርኩም። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንኳኳ መስማት ራሱ ያስደስተኝ ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ነዳጅ መሙላት የባለቤቴ ሥራ ነው። አገር ቤት በነዳጅ ሰልፍ ብዙ ስለተንገላታ፣ «ሙሉ» የሚለው ቃል ለእሱ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። የማደያው ቀጂ ታንከሩ ውስጥ የከተተው የነዳጅ ማፍሰሻ ቀጭ ብሎ በራሱ ሲቆም ሌላው ሰው ከፍሎ ይሄዳል። እሱ ግን ይወርዳል። ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ ብሎ የፒክአፗን ጎን በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዛታል። እኔም ወንበሬ ላይ አብሬ እወዛወዛለሁ።

«ሹወይ ዚያዳ፣ ያ ሰዲቅ! ትንሽ ጨምር፣ ወዳጄ!» ይላል ቀጂውን። ቤንዚኑ የታንከሩ አንገት ድረስ መጥቶ ሲያብረቀርቅ ካላየ ክዳኑን አይዘጋም።

የእሁዱን ነገር ስነግረው መልሱ አንድ ነው።

«አንቺ ነሽ በቤንዚን የምታፍኛት። እግርሽ ይከብዳል።»

ከሥራ ስመለስ ቁልፉን ተቀብሎ ሰፈሩን ይዞርባታል። ፒክአፗም ለእሱ እንደ ጨዋ ልጅ ቀጥ ትላለች። «ይኸው! ምን ሆነች?» ይለኛል። ኢንጂነር ነው፣ ትላልቅ ማቀዝቀዣዎች ያስገጥማል፤ መኪናም ያው ማሽን ነው ብሎ ያምናል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ሲበራ ደግሞ ይጠግናት ጀመር። ካንዴላ ቀየረ፤ የነዳጅ ማጣሪያ ቀየረ፤ የታንከሩንም ክዳን ቀየረ። አንዱን በቀየረ ቁጥር ተደስቶ ማደያ ይሄድና እስከ አንገቷ ይሞላታል። እሁድ ጠዋት መንገድ መሃል የምትጠፋው ግን እኔ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ዋለ። ነዳጅ የሞላ የለም። እሁድ ጠዋት ታንከሩ ከግማሽ በታች ነበር፤ ፒክአፗ ግን ሳትሸት፣ ሳትንቀጠቀጥ አደረሰችኝ። ሰኞ ራሴ ማደያ ገባሁ። ማፍሰሻው ቀጭ ሲል ቀጂው ነቀለ፣ እኔም ከፍዬ ሄድኩ። ማክሰኞም ደህና ናት። እኛ ነርሶች ሆዱን ያመመው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ማታ ምን እንደበላ ነው። ይቺን መኪና ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። «ቤንዚን በዝቶባት የሞተች መኪና የት አይተሽ ነው?» አለኝ። ድኖ ተነስቶ ነበርና በዚያው ቅዳሜ እንደ ልማዱ ወዝውዞ ሞላት።

በማግስቱ ከዋናው መንገድ መውጫ ላይ ጠፋችብኝ። ግዙፍ የጭነት መኪና ጎኔን ታክኮ አለፈ፤ ፒክአፗ ከነነፍሴ ተንቀጠቀጠች። ደወልኩለት። ከሥራው በታክሲ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል፤ መኪናዋን አስነስቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ኸላስ፣ በቃ። እስክትጠገን እኔ አደርስሻለሁ።»

ያን ሳምንት በሙሉ ተራዬ ካለቀ በኋላ ጥበቃዎቹ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ተናደድኩ፤ ከንዴቴም በላይ ፈራሁ። «እስክትጠገን» ያለው ነገር ሳይጠገን እንደሚቀርና እኔም ጥበቃዎቹ አጠገብ ወዳለው ወንበር እንደተመለስኩ ገባኝ። አልተከራከርኩትም። ቅዳሜ አመሻሽ አብሬው ማደያ ሄድኩ፣ ሲወዘውዛት ቀበቶዬን አስሬ ዝም ብዬ ተወዛወዝኩ።

እሁድ ጠዋት እሱ ነዳ። በሩን ሲከፍት የቤንዚኑ ሽታ መትቶት አፍንጫውን ሲይዝ አየሁት። ቀይ መብራቱ ጋ ቆምን። ፒክአፗ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። ክላክሱ ከኋላችን ተንጫጫ፤ አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በዐረብኛ መከረው። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልችልም። «እግርህ ከበደ?» አልኩት። ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ዐዚዚያ ሰፈር፣ አንድ የወሎ ልጅ የሚሠራበት የመኪና መጠገኛ ወርሻ ወሰድናት። የዳሽቦርዱን ቢጫ መብራት በመመርመሪያ መሣሪያ አነበበና ከፒክአፗ ሥር ገባ። ከታንከሩ አጠገብ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ፈትቶ ወጣ። ዘቅዘቅ ሲያደርገው ቤንዚን ጠብ ጠብ አለ።

«ይኼ ውስጡ ከሰል ነው፣ ወንድሜ» አለው። «የቤንዚኑን ትነት ይይዝና ሞተሩ እንዲያቃጥለው ይልክለታል። የሚጠጣው ትነት ነው እንጂ ቤንዚኑን አይደለም። አሁን ግን በቤንዚን ሰምጦ ሞተሩንም ያሰምጠዋል። ታንከሩን እስከ አንገቱ የሚሞላው ማነው?»

ባለቤቴ የማደያው ቀጂ ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ። «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ነዳጅ አልቆብሽ መንገድ ላይ ብቻሽን እንዳትቆሚ ብዬ እኮ ነው።»

ለእሱ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ ሆኜ ያሳመርኩት። ተውኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሳቄም አብሮ መጣ። ሠራተኛው ግራ ተጋብቶ አዲሱን ሣጥን ሊያመጣ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አመሻሽ ማደያ ገባን። ማፍሰሻው ቀጭ አለ። ባለቤቴ ከልማዱ የተነሳ ወርዶ ሁለት እጁን የፒክአፗ ጎን ላይ አሳረፈ። በመስኮቱ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

«ኸላስ፣ ያ ሰዲቅ» አለው ቀጂውን።

ከፈለና ዞሮ እኔ በተቀመጥኩበት በኩል መጥቶ በሩን ከፈተ። «ያላ፣ በይ ተሻገሪ» አለኝ። ቅዳሜ የእሱ ቀን ነበር። ወደ መሪው ተሻገርኩ፤ እሱ በቦታዬ ተቀመጠ። ቀይ መብራቱ ጋ ስንደርስ ቆምኩ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ሞተሩን አዳመጥን። አረንጓዴ ሲበራ ነዳሁ።