ከሩቅ ደሴት የመጣው ማርከሻ

ታላቅ እህቴን እፉኝት የነደፈቻት አበርገሌ ውስጥ፣ ከባሏ ጋር ማሽላ ስታጭድ ነው። ነዶውን ልታነሳ ጎንበስ ስትል እባቧ ከሥሩ ተኝታ ነበር። ባሏና ጎረቤቶቹ መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ድረስ በቃሬዛ ተሸከሟት። እኔ ሰቆጣ አስተምራለሁ። ሕክምና ቤቱ በር ላይ ስቀበላት ክንዷ እስከ ትከሻዋ አብጦ ጠቁሯል።

"ማሽላው ሜዳ ላይ ቀረ እኮ" አለችኝ፤ ከሁሉ በፊት ያሳሰባት እሱ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም የመርዝ ማርከሻው በቅርብ እንደሌለ፣ ከሌላ ከተማ እንዲመጣ መጠየቁን፣ ነገ እንደሚደርስ ነገረኝ።

"እስከዚያ ትቆያለች?" አልኩት። የክንዷን እብጠት እንደገና ሊለካ ጎንበስ አለ።

ከምኖርበት ግቢ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ሽማግሌ አሉ። የእህቴን ነገር ሲሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ሕክምና ቤቱ መጡ። በጨርቅ የጠቀለሏት ትንሽ ጠርሙስ ይዘዋል። ልጃቸው በሩቅ ምሥራቅ፣ ባሕር መሐል ባለች ደሴት እርሻ ላይ ሲሠራ ከርሞ፣ ለእባብ ነው ብሎ ያመጣላቸው መድኃኒት ነው።

"ልጄ፣ አላህ ለዛሬ ነው ያስቀመጣት" አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ።

እህቴም ጠርሙሷን አይታ ፈገግ አለች። "በቃ ዳንኩ ማለት ነው?"

ሐኪሙ እኔንና ሽማግሌውን ከክፍሉ አውጥቶ፣ ከጠርሙሷ ጋር የመጣውን ወረቀት አነበበና በስልኩ ሥዕል አሳየን፤ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ እባብ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሟል።

"አባባ፣ ማርከሻው የዚህ ነው። የሚኖረው እዚያ ሞቃት ደሴቶች ላይ፣ ዛፍ ላይ ነው። በዓይኑና በአፍንጫው መሐል ባለች ጉድጓድ የአይጥ ሙቀት ይለያል። የእኛዋ እፉኝት ያ ጉድጓድ የላትም፤ መርዟም ሌላ ነው። አይሠራላትም።"

"ቢሆንም ስጣት፤ ምን ይቀርባታል?" አልኩት።

"ሊጎዳት ይችላል። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልሰጣትም።"

ጮህኩበት። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ። ተረጋግቼ ወደ ክፍሉ ስመለስ እህቴ ከሰመመኗ ነቅታ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሰጡኝ?"

"ሰጡሽ" አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ተኛች። ከዚያ በኋላ ሰው የሚገባው ነገር አልተናገረችም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች። ሐኪሙ ከሌላ ከተማ የጠየቀው መድኃኒት የደረሰው አስከሬኗን መኪና ላይ ልንጭን ስንል ነው።

ከቀብር ስመለስ ሽማግሌው ለቅሶ ሊደርሱኝ ስኳር ይዘው መጡ። "ልጄ፣ የማይሆን ተስፋ ሰጠኋችሁ፤ አፉ በይኝ" አሉ።

"እርስዎ ምን አጠፉ አባባ?" አልኳቸው። የዋሸኋት እኔ እንደሆንኩ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እንባቸውን ሳይ ተውኩት። ለባሏም እስከዛሬ አልነገርኩትም። እሱ ያኔ ደጅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ነበር። እንደማትድን ብታውቅ ኖሮ ታስጠራው ነበር።