የኮሎምባ መርዶ

ሀብተ ጊዮርጊስ ከእኛ አንድ ፎቅ በታች ነው የሚኖረው። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ከወጣ አንድ ሐሳብ ይዞታል፤ መደገፊያውን ይዞ ቀስ ካለ ወገቡን አሞታል። ፍራንክፈርት ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ጫኝ ነው። በእኛ በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ዳርምሽታት ኤሌክትሪክ ሊማር መጣ፤ አገር ቤት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚላክለት ገንዘብ ቆመ። ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። «ለአንድ በጋ ብቻ» ብሎ ሻንጣ መጫን ጀመረ፤ ያ በጋ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው።

በፈረንጆች 1992 ገና ሰሞን ዛይል ከሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ኮሎምባ የምትባል ኮምፒዩተር ገዛ። ግራጫ ናት፤ በብብት ትያዛለች፤ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ትያያዛለች። ጀርመኖቹ የሠሯት ልጆቻቸው እንዲጫወቱባት ነበር። እሱ ግን ፊደላችንን ሊያስገባባት ተነሳ። በእረፍቱ ሰዓት ሻንጣ ላይ ተቀምጦ፣ ባለካሬ ደብተር ላይ ካሬዎቹን በእርሳስ እያጠቆረ፣ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ ሠራው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል! «ጨ» ላይ ሲደርስ ሳምንት ሙሉ ተኮሳትሮ ከረመ።

መሞከሪያው እኔ ነበርኩ። የልጅ ልጆቼን ልጠብቅ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ሆኖ ማንበብ አላውቅም።

«እማማ፣ እርስዎ ከገባዎት ለማንም ይገባዋል» አለኝ።

«ሰደብከኝ ወይስ አመሰገንከኝ?»

«ሁለቱንም።»

ቁልፍ ስጫን «በ» ብቅ ትላለች፤ ከሥሯ በግ ይቆማል። የልጅ ልጄ ሃይሚ በጉን አይታ «አይን ሁንድ!» አለች፤ ውሻ ነው ማለቷ ነው። እሱ ደብተሩን ይዞ ሄደና በማግስቱ በጉ ቀንድ አብቅሎ መጣ።

ፊደሉን ስጨርስ ሌላ ትምህርት ጨመረልኝ። ብቻዬን ከሰፈር እንደማልወጣ አይቷል። የኤስ ባንን፣ የከተማውን ባቡር፣ ጣቢያዎች ስም በግራ በእነሱ ፊደል፣ በቀኝ በእኛ ፊደል ደረደረልኝ። ሁሉንም ሸመደድኳቸው። ግን አንድም ቀን ብቻዬን አልተሳፈርኩም።

እቅዱ ይህ ነበር። ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው፣ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ይከራያል፤ ኮሎምባን ከነፊደሏ ለፍራንክፈርትና ለኦፈንባህ ወላጆች ይሸጣል። ልጆቻችን በጀርመንኛ እየመለሱልን ያላዘነ ወላጅ የለምና ብዙ ሰው «እኔም እወስዳለሁ» ብሎታል። ሚስቱ ሀረገወይን ሱቁን ከሥራ መልስ የሚሠራው መስሏታል። ነሐሴ ላይ ግን አንድ ወረቀት ሲጽፍ አገኘሁትና ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ኩንዲጉንግ ነው። ሥራዬን መልቀቂያ። እስከ መስከረማቸው መጨረሻ ካስገባሁ ለአዲስ ዓመታቸው እወጣለሁ።»

«ሀረግ ታውቃለች?»

«ቋሚ ሥራ ይለቀቃል ብላት ትታመማለች። ካስገባሁ በኋላ እነግራታለሁ። እማማ፣ በእርስዎና በእኔ መካከል ይቅር።»

ይቅር አልኩት። ብዙም ሳያስለምነኝ በቀላሉ ቃል ገባሁ።

በመስቀል ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ሱቁን ሊለካ በወጣበት፣ እኔ ሀረገወይን ጋ ተቀምጬ ሳለሁ ገመቹ መጣ። ገመቹ ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጎረቤታችን ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ከሀብቴ ጋር ሲነታረኩ ውለው አብረው ይበላሉ። ያን ቀን ግን ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«ኮሎምባ ተመልሳ መጥታለች» አለ። «በየሱቁ ያልተሸጠው ሁሉ እኛ ጋ እየተራገፈ ነው፤ ሳጥኑ እስከ ጣሪያ ደርሷል። ፋብሪካው መሥራት አቁሟል። አለቃችን ‹ዓመት እንኳ አልሞላትም› እያለ ሲስቅ ነበር። የቀረውን የሚወስደው ፕላስቲክ ፈጪ ነው።»

ሀረገወይን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ለኮሎምባ የተጻፈ ነገር በሌላ ኮምፒዩተር እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ራሱ መቶ ጊዜ ነግሮናል። የአሥር ወር ልፋቱ መና ቀረ ማለት ነው።

«ዛሬ እንዳትነግሩት» አለች። «ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወጣው፤ በዚህ ሐዘን ላይ ሻንጣ ሊጭን? ቅዳሜ ዕረፍት ነው። ጠዋት ሁላችሁም ትመጣላችሁ፤ ቁርሱን ይበላል፤ ከዚያ በሰው መሐል ይሰማል።»

«መርዶ ልናረዳው ነው በይኛ» አለ ገመቹ። «ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ልትለብሽ ነው? ለሳጥን?»

«አንተ እናትህ የሞተች ጊዜ በስልክ ብንነግርህ ደስ ይልህ ነበር?»

«እሺ፣ ቅዳሜ» አለ ገመቹ። እኔ ግን ሐሙስን አሰብኩ። ሐሙስ የመስከረማቸው መጨረሻ ነው፤ ደብዳቤው የሚገባበት።

«ቅዳሜ አይዘገይም?» አልኩ።

«ከምን ይዘገያል እማማ? የሞተ ነገር አይደል?»

የነበረኝ መልስ የእሱ ምስጢር ነው።

ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሦስት ጊዜ ወረድኩ። አንድ ጊዜ ጨው አልቆብኛል ብዬ፣ አንድ ጊዜ መቀስ ብዬ፤ በሦስተኛው ሰበብ አጣሁና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሀረገወይን ከባሏ አጠገብ አትነሳም። ወሬው ወጥቶበት ይሆናል ብላ የዕለቱን ጋዜጣ ከፍራሽ ሥር ደብቃለች፤ ገመቹ ስልክ አያነሳም። ሀብቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለ መደርደሪያ ያወራል። «እማማ ዛሬ ምን ነካዎት? መቀመጫው ቆረቆረዎት?» አለኝ። ሀረገወይን ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረስኩና ወደ ቤት በመመለስ ፈንታ ወደ ባንሆፍ ሄድኩ። የባቡሩን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደነበረው ያለ ረጅም ስም ፈለግኩ። አገኘሁት። ተሳፈርኩ። በየጣቢያው ስሙን ሳነብ ትንሽ ልቤ ይመለሳል፤ በሩ ሲዘጋ እንደገና ይሄዳል። ፍሉግሃፈን ስወርድ ግን ትምህርቴ አለቀ። እሱ የጣቢያዎቹን ስም እንጂ ውስጥ ያለውን አልጻፈልኝም። «አውስጋንግ» የሚል ቃል በግራም በቀኝም ተሰቅሏል፤ ቦታ መስሎኝ ተከትዬው ሁለት ጊዜ ዞሬ እዚያው ተመለስኩ።

አንዲት ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን አቁማ አየችኝ። ኣብርሀት ትባላለች፤ ኤርትራዊት ናት። «እማማ፣ ማንን ነው የሚፈልጉት?» አለች። ስሙን ስነግራት ወደ ሠራተኞቹ በር ወሰደችኝና በግድግዳው ስልክ አስጠራችልኝ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ጓንቱን ሳያወልቅ እየሮጠ መጣ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሳየው ግን ከአፌ የወጣው የለመድኩት ነው።

«በላህ?» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተ። ቁርስ በላህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እማማ፣ ብቻዎን በባቡር መጥተው ቁርስ ይሉኛል? እናቴ ናት? ይንገሩኝ!»

«እናትህ ደህና ናት። ኮሎምባ ናት።»

ገመቹ ያየውን ነገርኩት፤ ሳጥኖቹን፣ ፋብሪካውን፣ ፕላስቲክ ፈጪውን። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ ሳቀ፤ እናቱ ስላልሞተች ነው። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«መቼ ነው የሰማችሁት?»

«ማክሰኞ።»

«ሀረግስ?»

«እሷም።»

«ትናንት ‹ሱቁን ምን ቀለም ልቀባው?› ብያት ‹ሰማያዊ› አለችኝ እኮ!»

«ደብዳቤውስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ ከበሩ አጠገብ ወዳለች የብረት ሳጥን አየ። የሠራተኛ ጉዳይ ሳጥን ናት። «ጠዋት ስገባ ከተትኩት» አለ። «እኩለ ቀን ላይ ይወስዱታል።»

ከውስጥ ስሙ ተጠራ። አውሮፕላን እየጠበቀው ነው። «እማማ፣ እዚህ ይቁሙልኝ። ፖስታውን የምትሰበስበው ሴትዮ ከቀደመችኝ እንዳትሄድ ያድርጉልኝ» ብሎ ገባ።

ቆምኩ። ሰዓቱ ከፊቴ ነው። ሰው በወጣ በገባ ቁጥር ወደ ሳጥኗ ጠጋ እላለሁ። ኣብርሀት ወንበር አመጣችልኝ፤ ከተቀመጥኩ የሚያመልጠኝ መስሎኝ አልተቀመጥኩም። ለእኩለ ቀን አሥር ደቂቃ ሲቀር አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ቁልፍ ይዛ መጣች፤ ከፈተች፤ ፖስታዎቹን በብብቷ ያዘች። እሱ የለም። ሄጄ እጅጌዋን ያዝኩት።

«ቢተ» አልኳት፤ እባክሽ ማለት ነው። ሌላ የማውቀው ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ሴትየዋ ተቆጣች። ኣብርሀት ከኋላዬ በጀርመንኛ ታብራራለች፤ እኔ ፖስታዎቹን አያለሁ። ሦስተኛው ላይ ከነሱ ጽሑፍ በታች በእርሳስ «ሀብተ ጊዮርጊስ» የሚል አለ። ደብተሩም ላይ፣ ምሳ ዕቃውም ላይ እንዲያ ነው የሚጽፈው። በጣቴ ነካሁት። «ይኼ!» አልኩ፤ በአማርኛ።

ያን ጊዜ እሱ እያለከለከ ደረሰ። ተነጋገሩ። ሴትየዋ መታወቂያውን አየች፤ እኔን አየች፤ እጅጌዋን አየች። ኋላ እንደነገረኝ «ማህተም እስካልመታሁበት ድረስ የአንተ ነው» ነው ያለችው። ፖስታውን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወደ ሻንጣው ተመለሰ። አመሰግናለሁም አላለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሄድን። ገመቹ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ዳቦ ይዟል። ሀብተ ጊዮርጊስ በሩን ሲከፍት ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈና አለፈ። የሰጡትን ሁሉ በላ። ከዚያ ገመቹ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። ሰምቶት የነበረ ሰው ነው፤ እንዳልሰማ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ግን የምሩን አለቀሰ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ሀረገወይን አንገቱን ይዛው፣ ሰው እንደሞተበት ሰው አለቀሰ። ፍሉግሃፈን ቆሞ አላለቀሰም ነበር፤ ያኔ ከእኔ በቀር ማንም አጠገቡ አልነበረም።

«አንድ ሳጥን ልሰርቅልህ?» አለ ገመቹ።

«ጴንጤ ይሰርቃል እንዴ?»

«ፈጪ ከሚበላት ብዬ ነው።»

ሳቁ። ስለ ደብዳቤው እስከ ዛሬ ሀረገወይን አታውቅም፤ ይህን ካነበበች አሁን አወቀች።

ለሁለት ሳምንት ቴሌቪዥኑ ዜና ብቻ አሳየ፤ ኮሎምባ በጨርቅ ተሸፍና ከቁም ሣጥን ላይ ወጣች። ከደረጃው ስሰማው መደገፊያውን ይዞ ነበር የሚወጣው። አንድ እሑድ ወረድኩና ጨርቁን ራሴ ገለጥኩት።

«የጣቢያው ትምህርት ጎደሎ ነው» አልኩት። «አውስጋንግ የሚባለውን አልጻፍክልኝም። መውጫ መሆኑን ኣብርሀት ናት የነገረችኝ። ሌላም ያላወቅኩት ብዙ አለ።»

«እማማ፣ ይቺን እኮ ከእንግዲህ የሚገዛ የለም። ለማን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«ማክሰኞ ሆስፒታል ቴርሚን አለኝ፤ ሐኪሙ ቀጥሮኛል። ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ከዚያ ባለካሬ ደብተሩን ፈልጎ እርሳሱን በቢላ ይቀርጽ ጀመር። «በየት በኩል ነው የሚሄዱት?» አለኝ። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»