የገንፎው የመጀመሪያ ጉርሻ

ነቀምቴ ቤታችን ልጅ ሲወለድ የገንፎውን የመጀመሪያ ጉርሻ የምታነሣው አያታችን ነበረች፤ አኮ እንላታለን። ጉርሻው ግን ለአራሷ አይደርስም። አኮ ሕፃኑን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ፣ ቅቤ የጠገበውን ገንፎ ይዛ ከእናቱ እቅፍ የወረደውን ትልቁን ልጅ ፍለጋ ትሄዳለች።

"ኧረ እማማ፣ ለአራሷ ይቅደም!" ትላታለች ጎጃሜዋ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ።

"የመጣውንማ አገር ያየዋል። ቦታ የለቀቀውን ማን ያየዋል?"

አኮ ምክንያቱን የነገረችኝ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ነው። በወጣትነቷ አርጆ አገር ሳለች ወንድ ወልዳ ዘመድ ሁሉ እሱን ሲያቅፍ፣ ትልቋ ልጇ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅስ ነበር። ቆይቶ የሚያጎርሳት አጥታ እግሯ አበጠ፤ ማልቀሱንም ተወች።

"ለመደች ብለን ደስ አለን" አለችኝ አኮ። ወንድሟ ቁጭ ማለት ሳይጀምር ቀበሯት።

አኮ በክረምቱ ዐረፈች። ዝናቡ እንዳባራ ሁለተኛ ልጄን ወለድኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ገንፎው ቀረበ፤ ባለቤቴም ከአውራጃው ፍርድ ቤት ሥራውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሁሉም ሕፃኑን ከበቡት። በሰዎቹ መካከል አሻግሬ ሳይ የአኮ መደብ ታየኝ፤ ቁርበቱ ተነሥቷል። ትልቋ ልጄ ባዶው መደብ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ፣ በሩን እያየች፣ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

እትዬ ጥሩነሽ አየቻትና ፈገግ አለች።

"እዩዋት እስቲ፣ አታለቅስም እኮ! ለመደች።"

አኮ ስትቀበር እርጉዝ ነሽ፣ አታልቅሺ ተብዬ የዋጥኩት ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ።