ቀጠነ ወይስ ወፈረ

ሾፌር ስለሆንኩ የአምቡላንስ ሳይረን በጆሮዬ አውቃለሁ። ወደ እኔ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ጥጌን ይዤ እቆማለሁ። እልፍ ሲለኝ ደግሞ ባንዴ ይወፍራል። አንድ ተሳፋሪ እንደነገረኝ ከሆነ ሳይረኑ ያው ነው፤ መኪናው ሲመጣ የድምፁን ሞገድ ከፊቱ ይጨምቀዋል፣ ሲርቅ ይለጥጠዋል። ለእናቴ ግን ስለ ሰውም ሆነ ስለ ድምፅ "ወፈረ" መቼም ቢሆን ደግ ወሬ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሳን ሆዜ ከተማ ሰው አውርጄ ስመለስ እናቴ ከምንኖርበት ከኦክላንድ ደወለች።

"አባትህን ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንስ ጠርቻለሁ።"

አውራ ጎዳናው፣ ፍሪዌዩ፣ በመኪና ተቆልፏል። የመንገዱ አጋማሽ ዩኒየን ሲቲ እንኳ ገና አልደረስኩም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ሳይረኑ ተሰማኝ!" አለች። ትንሽ ቆየችና፣ "ተመስገን! ወፈረልን፣ መጡ!"

ክው አልኩ።

"እማዬ፣ አልፈውሻል!"

"ምን ትላለህ አንተ? ወፈረ እኮ ነው የምልህ!"

"ወፈረ ማለት ሄዱ ማለት ነው! ቤታችን ከሌላ ቤት ጀርባ ስለሆነ ከመንገድ አይታይም። ውጪና እጅሽን አውለብልቢላቸው!"

"እኚህን ሰውዬ ማን ላይ ጥዬ?"

"ውጪ አልኩሽ!"

በዕድሜዬ እናቴ ላይ ጮኬ አላውቅም። ስልኩን አባቴ የተኙበት አልጋ ላይ ጥላ ሮጠች።

እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ እየሳሳ ሄደ። "አባዬ፣ ይሰሙኛል?" አልኩ። መኪናውን እዚያው ትቼ በእግሬ ልሮጥ ቃጣኝ። ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሆነ መናገር አልችልም። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ሳይረኑ ከሩቅ ተመለሰና ቀጠነ። የአባቴም ትንፋሽ ቀጠነ። አንዱ እየመጣ ነው፣ አንዱ እየሄደ። ማን እንደሚቀድም አላውቅም ነበር።

በር ተበረገደ። እንግሊዝኛ ሰማሁ፣ የእናቴን ለቅሶ ሰማሁ፣ ስልኩ ተቋረጠ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠናል። የወፈረውን፣ የቀጠነውን፣ ጩኸቴን ሳይቀር ሁሉንም አጫውተናቸዋል። እናቴ እጃቸውን ይዛ ክንዳቸውን ዳበሰች።

"ምነው እንዲህ ቀጠኑብኝ!" አለችና እንባዋ ቀደማት።

አባቴ የኦክስጅኑን ጭምብል ገፋ አደረጉ።

"ታዲያ እየመጣሁ ነዋ" አሉ።