ሰባት ክፍል የቀራት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ከቤቴ በታች ካለው ሱቅ ቅመም ልገዛ ገብቼ ነበር፤ ባለሱቁ ኮረሪማው ያልቆየ መሆኑን ሊያሳየኝ አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ሰነጠቀና አፍንጫዬ ስር ያዘልኝ። "የሚዛን አገር ነው፣ ትናንት የገባ" አለኝ። ባይነግረኝም አውቄው ነበር፤ ከሽታው ጋር እርጥብ ቀይ አፈርና ዝናብ ያራሰው የሣር ክዳን፣ ከዚያም ጭስ የሞላው የአልማዝ ጓዳ ተከታትለው መጡብኝ። ኮረሪማውን ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ ሌላ ልገዛ የመጣሁትን ሁሉ ረስቼው ነበር፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚረሳኝ ሰው አይደለሁም።

ሚዛን የሄድኩት ለትምህርት ነው። እናቴ ትምህርት ቤት ከሌለበት ገጠር አውጥታ አክስቴ ወርቄ ዘንድ ስታስቀምጠኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ ጉልበቴ ከዴስኩ ስር አልገባ እያለኝ ወደ ጎን ዞሬ እቀመጥ ነበር። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ይመስለኛል፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ የሚያመልጠኝ እየመሰለኝ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳልጨርስ አልጥልም፤ ተዛውሮ የሄደ አንድ መምህር ጥሎልኝ የሄደውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ እንደ ልቦለድ ከፊት ጀምሬ ወደ ኋላ አነበው ነበር። አክስቴ አምስት ክፍል ያላት አልቤርጎ ነበረቻት። ከትምህርት መልስ አንሶላ አጥባለሁ፣ የእንግዶችን ስም መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ የአያቱን ስም የዘለለ እንግዳ ከእኔ እጅ ቁልፍ አግኝቶ አያውቅም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ዕድሜዬን ለጠየቀኝ ሰው መልስ መስጠት ባቆምኩበት ዓመት፣ ባልና ሚስት ፈረንጆች ምህረት ከምትባል ልጃቸው ጋር ወደ አልቤርጓችን መጡ። ልጅቷ የተወለደችው ከሸኮ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ አባቷ ሲሞት እናቷ አልማዝ ለጉዲፈቻ ሰጥታት በሦስት ዓመቷ አገር ለቃ ሄደች። አሁን አሳዳጊዎቿ የተወለደችበትን አገር ሊያሳዩአትና ከእናቷም ሊያገናኟት ይዘዋት መጥተዋል። አብሯቸው ከአዲስ አበባ የተነሳው አስተርጓሚ ግን ወባ ጥሎት ጅማ ቀርቷል። አክስቴ ይህን ከሾፌሩ አፍ እንደሰማች አፍታም አልቆየች። "ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? እቺ መጽሐፍ የምትበላ ልጅ አለች አይደል! ጨዋታ አታውቅ፣ ሳቅ አታውቅ፣ እንግሊዝኛ ብቻ!" ብላ፣ የሳሙናው አረፋ ከእጄ ሳይደርቅ ወደ መኪናው ገፋችኝ። እኔም ከኋላ ወንበር ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩና አንድም ቃል ላልጨምር፣ አንድም ቃል ላልቀንስ ለራሴ ቃል ገባሁ።

አልማዝ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ልጅቷን አቅፋ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳመች፤ ምህረትም እንደ እንጨት ደርቃ ተሳመች። ከዚያ አልማዝ ለቀቀቻትና ወደ ጓዳ ሮጠች። ከሰዓት በኋላው በሙሉ ያለፈው በዚህ ሩጫ ነው፤ የተቀቀለ ጎደሬ ታመጣለች፣ ዳጣ ታመጣለች፣ ማር ታመጣለች፣ ዶሮው አልበሰለም ብላ ተመልሳ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ ለጎረቤቱ ሁሉ መቀመጫ ትፈልጋለች። ፈረንጅዋ ሁለት ጊዜ "እባክሽ ከልጅቷ ጋር ትቀመጥ በያት" አለችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተረጎምኩ። አልማዝ በሁለተኛው ሳቀችብኝ። "እንግዳ እያለ? ከልጄ ጋር መቀመጡ የት ይሄድብኛል!"

የዚህ ንግግር ትርጉም የገባኝ ልንነሳ ስንል ነው። አልማዝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና ልጅቷ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች አስጠየቀችኝ። አምስተኛ። ከስድስት ጀምራ በጣቶቿ እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች። "ሰባት ቀረ" አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ "አንቺስ፣ እንደነገርሽኝ፣ ለትምህርት አይደል አክስትሽ ጋ የተሰጠሽው? እስቲ ጠይቂልኝ፤ አሥራ ሁለትን ስትጨርስ ነው የሚያመጡልኝ?"

በእኛ አገር ልጅ ከተማ ላለ ዘመድ ለትምህርት ይሰጣል፤ ክረምት ክረምት ይመጣል፣ ሲጨርስም የእናቱ ነው። ይህን ማንም ሰው ልጅ አሳልፎ መስጠት አይለውም። አልማዝ የጣት አሻራዋን ያኖረችበትን የጉዲፈቻ ወረቀት አንብበውላት ነበር፤ እሷ ግን የገባት በምታውቀው ወግ ነው።

ጥያቄውን ሳላጎድል ተረጎምኩ። ፈረንጅዋ ባሏን አየች፣ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ቀስ ብላ መለሰችልኝ፤ ምህረት በሕግ ለዘለቄታው የእነሱ ልጅ ናት፣ ኑሮዋም እዚያ ነው፣ አድጋ ልምጣ ብትል ግን አይከለክሏትም፣ መወሰን የራሷ ፈንታ ነው። ያልገባኝ ቃል አልነበረም። ቤቱ በሙሉ አፌን ያያል።

"ትምህርቷን ስትጨርስ ትመጣለች ይላሉ" አልኩ።

ጎረቤቱ እልል አለ። ፈረንጅዋም ቃሏ በደህና የደረሰላት መስሏት እጄን ጨብጣ አለቀሰች። መኪና ውስጥ ምህረት እጅጌዬን ያዘችና እናቷ በጣቷ የቆጠረችው ምን እንደነበር ጠየቀችኝ፤ "ዕድሜሽን" አልኳት። ባልየው ያነሳው፣ አገራቸው ሲመለሱ ይላካል የተባለው የእናትና ልጅ ፎቶ አልደረሰንም።

ሰባት ዓመት ለተማረ ሰው አጭር ነው። አሥረኛን ጨረስኩ፣ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ፣ ሚዛን ተመልሼ ማስተማር ጀመርኩ፤ ለትምህርት የሰጠችኝ እናቴ ቤትም ከክረምት እንግድነት አልፌ አልገባሁም። በሰባተኛው ዓመት ሰኔ ሲገባ፣ በእረፍት ሰዓት ዘበኛው ሰው ይፈልግሻል አለኝ። አልማዝ አዲስ ጫማ አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች።

"ዘንድሮ ጨረሰች አይደል? መቼ ነው የምትመጣው?"

ፈረንጅዋ ያለችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ አንድ ቃል ሳልቀንስ። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ጎንበስ ብላ ከአዲሱ ጫማዋ ላይ አቧራውን በእጇ አራገፈች።

"ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ። "ቁጭ ብዬ አያት ነበር እኮ። ትመጣለች ብዬ ጎደሬ ሳመላልስ ዋልኩ።"

አጥሩ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለእኔም ቦታ ለቀቀችልኝ። "አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ትመስል ነበር?"

ነገርኳት። የፊት ጥርሷ አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ወጣ ብሏል። ስትስቅ አፏን በእጅጌዋ ትሸፍናለች። ዳጣው አቃጥሏት እንባዋ መጣ፣ ግን ደግማ አጠቀሰች። ወለሉ ላይ ከተጎዘጎዘው ሣር ሦስት ዘለላ መዝዛ ስትጎነጉን ነበር።

"ሌላስ?" አለችኝ።

የዚያን ቀን እኔ የማየው ቃላቱን ነበር እንጂ ልጅቷን አልነበረም። ቀሚሷ ሰማያዊ መሰለኝ አልኳት፤ እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ይህንንም ነገርኳት።

"ሌላስ?"

የእረፍት ሰዓታችን አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። የማውቀው ሁሉ ደወሉ ሳይደወል አለቀ።