ቀያሿ ትእዛዝና የጎልፍ ሜዳዋ

ትእዛዝ ደሞዜን ያወቅኋት ደብረ ታቦር ለመምህርነት ተመድቤ በእናቷ ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየሁ ጊዜ ነው። ያኔ ቤት አትገኝም ነበር። የገጠር መንገድ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቀያሽ ስለነበረች ወሩን ሙሉ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ነፋስ መውጫ ስትዞር ትከርምና ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ ለአንድ ሁለት ቀን ብቅ ትላለች። እናቷ እትዬ ድንቅነሽ «ይቺ ልጅ እግሯን ከመሬት ጋር አጋብታዋለች» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ መንገድ ስቶ ተገለበጠ። ሹፌሩና የሥራ ባልደረባዋ ቃለአብ በጭረት ሲተርፉ የእሷ ዳሌ ተሰበረ። ባሕር ዳር ተወስዳ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ ሲያሰናብታት «በምርኩዝ ትሄጃለሽ፤ ተራራ መውጣቱን ግን እርሺው» አላት። እሷም «እኔ ብረሳው እሱ ይረሳኛል?» ብላ መለሰችለት።

መሥሪያ ቤቷ አልጣላትም፤ ደብረ ታቦር ካለው ቢሮ መዝገብ ቤት አስገባት። ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች፣ ቤት ስትደርስ ከሰው አታወራም። እናቷ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደዋት ከርማ ስትመለስ ሕመሙ ቀለል ብሏት ነበር። ዝምታው ግን አብሯት ተመለሰ። አንድ ቀን አጥር ሥር ተቀምጣ ከሩቅ የሚታየውን የጉናን ጀርባ ስታይ አገኘኋትና «ምን ታያለሽ?» ብላት፣ «ያልለካሁትን» አለችኝ።

ቃለአብ የሐዋሳ ልጅ ነው። ከአደጋው በኋላ የመንገድ ሥራውን ትቶ እዚያው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮምፒዩተር ባለሙያነት ተቀጥሮ ነበር። እሱ ድኖ እሷ መሰበሯ ስለሚከነክነው እሑድ እሑድ ሳይጠይቃት አይውልም። አንድ እሑድ አሮጌ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ከፈተው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጎልፍ ጨዋታ ነው። በዱላ ትመቻለሽ፣ ኳሷ ጉድጓድ ትገባለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ።»

ትእዛዝ ጎልፍ በዐይኗ አይታ አታውቅም። ጥቂት መታችና ሰለቻት። ልትዘጋው ስትል ቃለአብ ሌላ ገጽ ከፈተላት፤ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሜዳ የሚሠሩበት ነው። ስክሪኑ ላይ ለጥ ያለ ባዶ መሬት መጣ። ማውሱን ተጭነው ሲጎትቱት መሬቱ ያብጣል፤ ሲመልሱት ይጎደጉዳል። ሣር ይዘራል፣ ዛፍ ይተከላል፣ ውኃ ይፈሳል። አንድ ምልክት ሲነካ ደግሞ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩ ቀጫጭን መስመሮች ተዘረጉ።

«ኮንቱር!» ብላ ጮኸች።

እትዬ ድንቅነሽ ልጃቸውን ያመማት መስሏቸው ከጓዳ ሮጠው ወጡ።

የመጀመሪያዋን ሜዳ በመንገድ ሠሪ ልቧ ሠራቻት። ጉብታውን ሁሉ ቆረጠች፣ ጎድጓዳውን ሞላች፣ ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ ቀጥ ያለ ሣር ዘረጋች። ቃለአብ ሜዳዋን ተጫዋቾቹ በሚሰባሰቡበት ድረ ገጽ ላይ ጫነላት። ከየአገሩ የሚገቡት ሰዎች ተጫወቱባትና አስተያየታቸውን ጻፉ። አንዱ «የአውሮፕላን ማረፊያ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቃለአብ ሊደብቃት ፈልጎ ነበር። «አንብብልኝ፤ ሁሉንም» አለችው።

ሁለተኛውን በንዴት ሠራችው። ጉናን ራሱን አቆመችላቸው፤ ከገደል ገደል የሚያስመታ ሜዳ። ኳስ የመታ ሁሉ ኳሱ ቁልቁል እየተንከባለለ ወንዝ ገባ። ሰዎቹ ሳቁባት። ከሣቂዎቹ መካከል ግን ኬን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የጎልፍ ሣር ሲንከባከብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «መሬት ታውቂያለሽ፤ ተጫዋች ግን አታውቂም። ተጫዋች መምረጥ ይፈልጋል። አንድ አስተማማኝ መንገድ ስጪው፤ ከጎኑ ደግሞ የሚያጓጓ አደገኛ መንገድ አስቀምጪለት። ከዚያ ተይው፤ ራሱ ይቸገር።»

ይህን ካነበበች በኋላ ለብዙ ቀን ላፕቶፑን አልነካችም። ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ ነበር። ለካ ስታስብ ነበር። አንድ ቀን ከቢሮ ስትመለስ በክፍሌ በር ላይ ቆማ «ከገሳይ በላይ ያለውን ጨፌ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። ከብቶች የሚግጡበት የወል መስክ ነው። ለመንገድ ሥራ ድንኳን ተክላ አንድ በጋ ሙሉ ከርማበታለች። ሁለት ጅረት ያቅፈዋል፤ በአንድ ጎኑ ረግረግ፣ በሌላው ደረቅ ጉብታ አለው፤ ከላዩ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። «እዚያ ከብቶች እንኳ ሁለት መንገድ አላቸው» አለችኝ። «የሚቸኩለው በረግረጉ ይሻገራል፤ ብልሁ በጉብታው ይዞራል።»

ያን ክረምት ዳታ ተቋርጦ ከረመ። መብራትም እንደ ልብ አልነበረም። እሷ ግን ከቢሮ እንደተመለሰች፣ መብራት ካለ፣ ትቀመጣለች። ዳሌዋ ሲያማት ቆማ ትሠራለች፤ ቆሞ መሥራት ሲያቅታት ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስደግፋ ተጋድማ ትሠራለች። ጨፌውን ከትዝታዋ አወጣችው፤ ጅረቶቹን፣ ጉብታውን፣ የአስታውን ቁጥቋጦ፣ የደኑን ጠርዝ ሁሉ። ጥቅምት ላይ መስመሩ ሲከፈት ቃለአብ «ገሳይ» በሚል ስም ጫነላት።

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሰዎቹ እየደጋገሙ ተጫወቱባት። በየዓመቱ ለሚደረገው የተጫዋቾቹ ውድድር ከታጩት ሜዳዎች አንዷ ሆነች። ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘፍን የሰማኋት በዚያ ሳምንት ነው።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። አንድ የማናውቀው ሰው የሜዳዋን ቪዲዮ ከእነ ሠሪዋ ስም ከጨዋታው ወስዶ «ገሳይ ላይ ሊሠራ የታሰበው ዘመናዊ የጎልፍ ሜዳ» ብሎ በስልክ በተነው። ወሬው ገሳይ እስኪደርስ ባለሀብት ጨምሮ፣ አጥር ጨምሮ፣ ከብት የሚያባርር ዘበኛም ጨምሮ ነበር።

በገበያ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ግቢያችን መጡ። ቀደም ብለው የገቡትን ትእዛዝ አወቀቻቸው፤ አያ ሙላቴ ናቸው፤ ድንኳኗን በተከለችበት በጋ ወተት የሚልኩላት ሰው። ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ መስካችንን ለማን ሸጥሽው?» አሉ።

«ኧረ አያ ሙላቴ! ጨዋታ ነው እኮ!»

«ጨዋታ?» አሉ፣ ወደ ጓደኛቸው ዞረው። «ያን ጊዜም ‹ለመንገድ ነው› ብለሽ ችካል ተከልሽ። እሱስ እውነት ነበር። ግን ችካል የተከለ ሰው መሬት ሳይቆረስ ሄዶ ያውቃል?»

ልታስረዳ ሞከረች። እሳቸው ግን መስካቸውን በሰው ስልክ ውስጥ፣ በዐይናቸው አይተዋል። ሳይባርኩ፣ ሳይመርቁ ወጥተው ሄዱ።

ቃለአብ ሲሰማ «ውሸት መሆኑን ጽፈን እንለጥፍ፤ ይበቃል» አለ። እትዬ ድንቅነሽ «በዚህ ዳሌሽ የትም አትሄጂም» አሉ። ትእዛዝ ሁለቱንም ሰምታ ስትጨርስ «እሑድ ገሳይ እሄዳለሁ» አለች። እናቷ እንደማያስቀሯት ሲያውቁ እኔን «ያዢያት» አሉኝ።

ትእዛዝ እንደምትመጣ አስቀድማ ልካባቸው ስለነበር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ከሚኒባስ ወርደን ዳገቱን ስንወጣ እያረፈች፣ እያቃሰተች ነበር። ያየ ሰው ግን በቅሎ ላምጣ ቢላት «በእግሬ ነው የምወጣው» አለች።

ላፕቶፑን ወንበር ላይ ብታስቀምጠው ፀሐዩ ስክሪኑን አጠፋው። አንዱ ጋቢውን አውልቆ ከላይ ጣለበት። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው በየተራ ጋቢ ውስጥ ጭንቅላቱን እያስገባ መስኩን ተመለከተ። የገባው ሁሉ እየሳቀ ይወጣል። «የኛ ጅረት እኮ ናት!» ይላል አንዱ። «ከብቶቹን የት አደረሻቸው?» ይላል ሌላው። አያ ሙላቴ ገብተው ቆዩ። ትእዛዝ እጃቸውን ማውሱ ላይ አኑራ ኳሷን አስመታቻቸው። ኳሷ ረግረግ ገባች።

ብቅ ሲሉ «ይሄማ የገና ጨዋታ ነው!» አሉ። «ሩሯን በዱላ መምታት ነው። ታዲያ ተጋጣሚው የት አለ?»

«መሬቱ ነው ተጋጣሚው፣ አያ ሙላቴ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ያበቃ መሰለኝ። የአብነት ተማሪዎችን የሚያስተምሩት መሪጌታ ይሻው ግን አልሳቁም። አይተው ከወጡ በኋላ ወደ ትእዛዝ ቀረቡ።

«ጨዋታ መሆኑን አየን፣ አመንን» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ሥዕል በሩቅ አገር ያለ ባለጸጋ ያየዋል?»

«ያየዋል፣ የኔታ።»

«ወድዶት ‹እንዲህ ያለ መሬት በእውን አለን?› ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ምንድን ነው?»

ትእዛዝ ምርኩዟን ጨበጥ አደረገች። «አለ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እንግዲህ የኛ ፍርሃት እሱ ነው። ዐይን ያየውን ልብ ይመኛል።»

አውርጂው ያላት ሰው አልነበረም። እሷ ራሷ ናት «አወርደዋለሁ» ያለችው። አያ ሙላቴ እንኳ ደንግጠው «ኧረ አትቸኩይ፣ ለፍተሽበታል» አሏት።

«ለፍቻለሁ። መሬቱ ግን የእናንተ ነው።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ላባብላት ስል «ተይኝ፣ ይውጣልኝ። ነገ ሌላ እጀምራለሁ» አለችኝ።

ሜዳዋን ከድረ ገጹም ከውድድሩም አወጣችው። ኬን ለመናት፤ «ስሙን ለውጪና ተይው፤ ማን ያውቃል?» ብሎ ጻፈላት። «ስሙ ቢለወጥ መሬቱ ያው ነው» ብላ መለሰች። በማግስቱ ባዶውን መሬት ከፈተች።

አሁን ግን የምታስታውሰውን ሳይሆን የትም የሌለ መሬት ማቆም ነበረባት። ከባድ ነበር። ጉብታ ስታቆም አንዱ የምታውቀው ጉብታ ሆኖ ይመጣባትና ታፈርሰዋለች። ሊያልቅ ተቃርቦ የነበረውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ስትደመስስ አይቼ እኔ ልቤ ተሰበረ። በመጨረሻ ከውኃው ጀመረች። ዝናቡ የት ይወርዳል፣ ከዚያ የት ይሸሻል፣ ሲሸሽ ምን ይሸረሽራል እያለች ወንዙን አስቀደመች፤ ኮረብታዎቹ ከወንዙ በኋላ መጡ። ሌላ ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ሜዳዋ አለቀች። ስሟን «የትም» አለቻት።

በሚቀጥለው ውድድር «የትም» ተመረጠች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቃለአብ ቢሮ ተሰብስበን በቀጥታ አየን፤ እትዬ ድንቅነሽም ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ነበር። ትእዛዝ በጣም የተጨነቀችበት አንድ ጉድጓድ አለ። በግራ ሰፊ ሣር፣ በቀኝ ገደል አፋፍ ላይ የተዘረጋ እንደ ምላስ የቀጠነ ጀርባ። ብዙዎቹ በግራ ሄዱ። አንዲት ፊንላንዳዊት ግን በቀኝ መታችና ኳሷ ገደል ገባች። እንደገና በቀኝ መታች፤ እንደገና ገባች።

«ምነው በዚያኛው ብትሄድ!» አሉ እትዬ ድንቅነሽ።

«ዝም በያት፣ እማዬ» አለች ትእዛዝ። ከወንበሯ ተነሥታ ቆማ ነበር።

በሦስተኛው ኳሷ አፋፉ ላይ ነጥራ አረፈች። ትእዛዝ ምርኩዟን ጥላ አጨበጨበች። ሴትዮዋ አላሸነፈችም፤ ግን በኋላ «ከዚህ ሜዳ ሌላ ምንም አላስታውስም» ብላ ጻፈች።

ከተመልካቾቹ መካከል ናይሮቢ የሚኖር የእውነተኛ ጎልፍ ሜዳ ነዳፊ ነበር። ንድፎቹን በኮምፒዩተር የሚያቆምለት ሰው ይፈልግ ስለነበር ጻፈላት። ትእዛዝ ወዲያው እሺ አላለችም። «መሬቱ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። የሻይ ቅጠል እርሻ ባለቤት የራሱን ያረጀ ማሳ ወደ ጎልፍ ሜዳ እንደሚለውጥና ከዚያ የሚነሣ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ተስማማች። መዝገብ ቤቱን ለቀቀች። ሥራውን እዚሁ ከእናቷ ቤት ትሠራለች፤ መሬቱን ሳላይ ግን አልጀምርም ብላ አንድ ጊዜ ወደ ማሳው ሄደች።

ነዳፊው መኪና አቅርቦ ነበር። መሬት ከመኪና አይታይም አለችው። በምርኩዟ እያረፈች፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠች፣ ማሳውን ዳር ዳሩን ዞረችው። ዞራ ስትጨርስ ደውላልኝ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ አፈሩ ምን ያህል ቀይ እንደሆነ ስትነግረኝ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ዳሌሽስ?» አልኳት።

«ይነዝረኛል» አለች። «ነገ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያላየሁት አለ።»