የቀበሮዋ መንገድ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ተረት የምንሰማው ከእራት በፊት ፍም ዳር ተቀምጠን ነበር። የሚያወሩልን የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ የሺ ነበሩ። ሲያወሩ እጃቸው ሥራ አይፈታም፤ ወስፌያቸውን ይዘው በኩራዝ ብርሃን ይሰፋሉ፣ ጭሱ ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ይቀጥላሉ።

ያኔ ታላቅ እህቴ ስመኝ ቡሬ ልትዳር ተቃርባ ስለነበር፣ የሚሰፋው የእሷ ሰፌድ ነበር። ከመሐሉ ተነስቶ በቀይና በጥቁር አለላ ኮከብ ይወጣበታል። በአማቶቿ ፊት የሚቀርብ ነውና የኮከቡ ጨረሮች እኩል ካልሆኑ የሚታማው የእቴቴ እጅ ነው። እሳቸው ግን ቆጥረው አይሰፉም፤ ቆጥሮ መስፋት ረድኤት ያሳጣል ይሉ ነበር።

ተረቱ ልጇ የጠፋባት የአንዲት ቀበሮ ነው። ከመንደር መንደር ትዞራለች፤ እቴቴም «ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች… ደረሰች» ይላሉ። እኔን የሚያናድደኝ መንገዱ ከምሽት ምሽት መርዘሙ ነበር። ትናንት ቶሎ የደረሰችበትን መንደር ዛሬ ሄዳ ሄዳ አትደርስበትም። አንድ ምሽት አላስቻለኝም።

«እቴቴ፣ መንደሩ እግር የለው፤ ስለምን ዛሬ ራቃት?» ብዬ አቋረጥኳቸው።

እቴቴ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁና ቀጠሉ፤ ግን የት እንደደረሱ ጠፍቷቸው ኖሮ፣ በማግስቱ በፀሐይ ሲታይ አንደኛው ጨረር ከጓደኞቹ ወፈር ብሎ ተገኘ። ስመኝ አለቀሰች፣ ይፈታልኝ አለች። እቴቴ ሰፌዱን አዙረው አዙረው አዩና፣ «ተይው ልጄ። እህትሽ ጠይቃ ነው» አሉ። ቁጣ ይሁን ምርቃት ያኔ አልገባኝም። ፈርቼ ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ፤ ሰፌዱ ሲያልቅ ቀበሮዋም ልጇን አገኘች።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ሒሳብ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ በኮምፓስና በማስመሪያ፣ በአንድ ነጥብ ዙሪያ የሚዞሩ ቅርጾች ነድፌ ቀለም እቀባቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት፣ አንዱ ክብ ሌላውን እየከበበ፣ እያንዳንዱም ክብ በትናንሽ ክፍሎች ተከፍሎ የሚወጣ አንድ ኮከብ ይዤ ነበር። ክቡ ከመሐል በራቀ ቁጥር በቀለም የሚሞላው ክፍል እየበዛ ይሄዳል፤ ቀዩን አንድ በአንድ ስሞላ «ሄደች፣ ሄደች» ስል ራሴን ሰማሁት። ብሩሼን አስቀመጥኩ። ለካ እያንዳንዷ «ሄደች» አንድ ቀይ ስፌት፣ «ደረሰች» ደግሞ ጥቁሩ ነበረች። መንገዱ የረዘመው ዙሩ ስለሰፋ ነው። ይህን የምነግራቸው እቴቴ ግን ካረፉ ቆይተዋል።

ቡሬ ስሄድ ሰፌዱን ከስመኝ ግድግዳ ላይ አወርደዋለሁ። የእኔ ሥዕሎች ጨረራቸው ሁሉ እኩል ነው፣ ሰውም ይወዳቸዋል። እኔ ግን ጣቴን በቀዩ ላይ እያስኬድኩ፣ ሄደች፣ ሄደች እያልኩ፣ ወፍራሙ ጨረር ላይ ስደርስ እቴቴ ዝም ያሉባትን ቦታ አገኛታለሁ።